የተዘዋዋሪው ተጫዋች ጉዞ እና ከኋላው የሚቀረው መዝገብ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ በፋብሪካዎቹ፣ በጉምሩክ ቅርንጫፉ እና ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ የሚታወቅ ክፍለ ከተማ ነው። እንደ ሌሎቹ የመዲናዋ አካባቢዎች ሁሉ በዚህም ክፍለ ከተማ በትምህርት ቤት ግቢና በየሰፈሩ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ታዳጊዎችን ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ታዳጊዎች አብዛኞቹ በሌላ ሙያ የሚሰማሩ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ግን ወደ ክለብ ይገባሉ። ከጥቂቶቹም አንዱ ወይም ሁለቱ ድንበር ተሻግረው ከክለብ ክለብ፣ ከሀገር ሀገር እየተዘዋወሩ በኳስ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

እንዲህ ያለው ተጫዋች በ12 ዓመቱ ስሙ በየትኛው ክለብ መዝገብ እንደሰፈረ ማወቅ ያን ጊዜ ብዙም አስፈላጊ መስሎ ላይታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ሲሸጥ፣ ያ መዝገብ በውጭ ምንዛሪ የሚተመን ማስረጃ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተዘዋዋሪ ፕሮፌሽናል ተጫዋችን የሥራ ዘመን በአንድ ኢትዮጵያዊ አጥቂ ጉዞ እያሳየ፣ ጉዞው በሀገር ውስጥ ከሚያዙ መዛግብት ጋር ያለውን ትስስር ይዳስሳል።

ተዘዋዋሪ ተጫዋች ማን ነው?

በዓለም ስፖርት ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ክለብ የሚያሳልፍ ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ተጫዋች የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል እየፈረመ፣ አንዳንዴም በውሰት እየተሰጠ፣ ክለቡ ሲበቃው ወይም እርሱ የተሻለ ሲያገኝ ወደ ሌላ የሚያመራ ነው። በቅርጫት ኳስ የአንድ የውድድር ዘመን ውል የተለመደ በመሆኑ በአሥር ዓመት ውስጥ በስድስትና በሰባት ሀገሮች የተጫወተ ባለሙያ ማግኘት አያስገርምም። በእግር ኳስም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የዚህ ሙያ ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በውል የሚተዳደር ሲሆን፣ የሚለየው የሥራ ዘመኑ አጭር መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ሠላሳዎቹን ዕድሜ አጋምሰው ሳይጨርሱ ሙያውን ይተዋሉ። በመካከሉ የሚደርስ ጉዳት፣ የአሰልጣኝ ለውጥ ወይም በተሰማሩበት ሀገር የሚፈጠር ሁከት ያለጊዜው ሊያስቆማቸው ይችላል።

የሳላዲን ሰዒድ ጉዞ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ሳላዲን ሰዒድ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተወላጁ ሳላዲን ስሙን ይበልጥ ያስጠራው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2011 የግብፁን ዋዲ ደግላ ተቀላቅሏል።

ወደ ካይሮ የሄደበት ወቅት ግን ለማንም ተጫዋች አመቺ የሚባል አልነበረም። ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም በፖርት ሰዒድ ስታዲየም በተፈጠረ ግጭት 74 ሰዎች ሕይወታቸውን በማጣታቸው የግብፅ ሊግ ተቋረጠ፤ የውድድር ዘመኑም ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። ተከታዩ የውድድር ዘመን ዘግይቶ ቢጀመርም፣ በሀገሪቱ በተከሰተው የፖለቲካ ለውጥ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2013 ክረምት ዳግም ተሰረዘ። በመሆኑም ተጫዋቹ በግብፅ ባሳለፋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የውድድር ዘመናት ሊጉ አንድም ጊዜ በወጉ አልተጠናቀቀም።

በግብፅ ቆይታው ሳላዲን ለቤልጂየሙ ሊርስ ክለብ በውሰት የተሰጠበት ጊዜም ነበር። ሊርስና ዋዲ ደግላ በወቅቱ በአንድ ግብፃዊ ባለሀብት ሥር የነበሩ ሲሆን፣ በእንዲህ ዓይነት አሠራር ተጫዋች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው በራሱ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በባለቤቶቹ ስሌት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ በ2014 በአፍሪካ የክለቦች ውድድር ብዙ ዋንጫ በመሰብሰብ ቀዳሚ ወደሆነው አል አህሊ፣ እ.ኤ.አ በ2015 ደግሞ ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጄር አመራ። እ.ኤ.አ በ2016 ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመልሶ፣ ክለቡ እ.ኤ.አ በ2017 በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ሲያደርግ የአጥቂው መስመር አባል ነበር። በኋላም ለሲዳማ ቡና ተጫውቷል።

ይህ ጉዞ ሲደመር በአራት ሀገሮች የተዘረጋ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአዲስ ውል፣ በአዲስ የሥራ ፈቃድና በአዲስ የምዝገባ ሰነድ የተከፈተ የሥራ ዘመን ነው።

በብሔራዊ ቡድን

ተዘዋዋሪ ተጫዋች በሄደበት ሁሉ ባዕድ ሲሆን፣ ሀገሩ ስትጠራው ግን የሁሉም ይሆናል። ሳላዲን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ በነበረው ብሔራዊ ቡድን የነበረው ድርሻ ይህንኑ ያሳያል። ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ግቧን ያስቆጠረው እርሱ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳን 2 ለ 0 ስትሸነፍ አዳነ ግርማና ሳላዲን አንዳንድ ግብ አስቆጥረዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፎ የነበረው ቡድን በዚህ ውጤት ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ።

ይሁን እንጂ የስፖርት ዕድል ሁልጊዜ ቀና አይደለም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩይት ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሳላዲን የመታው ፍፁም ቅጣት ምት በግብ ጠባቂው ተመልሷል። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በአሥር ተጫዋቾች የቀጠለው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ቢለያይም፣ በቀጣዮቹ ጨዋታዎች በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናብቷል።

አንድ ያልተነበበ መዝገብ

በዚያው ዓመት የተከሰተ ሌላ ጉዳይ ደግሞ ከሜዳ ይልቅ ጽሕፈት ቤትን የሚመለከት ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈች። ግቦቹን ጌታነህ ከበደና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረዋል። በስምንተኛው ቀን፣ ሰኔ 9፣ ደቡብ አፍሪካ በአዲስ አበባ በተመሳሳይ ውጤት ስትረታ፣ የምድቡ አሸናፊነት ተረጋገጠ በሚል መዲናዋ በደስታ ተናወጠች።

ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማህበር፣ ፊፋ፣ በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል በተመለከታቸው ሁለት ቢጫ ካርዶች ምክንያት መቀጣት የነበረበት መሆኑን ጠቅሶ ምርመራ ከፈተ። ስህተቱ በመረጋገጡም በሜዳ የተገኘው ድል ተሰርዞ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረ፤ ኢትዮጵያም ሦስት ነጥብ አጣች። ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም በዚያው የማጣሪያ ውድድር መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች በማሰለፋቸው ተቀጥተዋል።

ተጫዋቾቹ የተነጠቁትን ለማስመለስ ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። በዕለቱ በኮንጎ በተደረገው ጨዋታ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 በማሸነፍ ምድቡን በ13 ነጥብ በቀዳሚነት ጨረሱ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል አልፋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሦስቱን ነጥቦች ያስወሰደው የተጫዋቾች ድካም ወይም የአሰልጣኝ ስልት ጉድለት አይደለም። በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍረው ይገኙ የነበሩ ሁለት የቢጫ ካርድ ምልክቶች ከጨዋታው በፊት አለመታየታቸው ነው።

ሌሎች ተጓዦች

ሳላዲን ብቸኛው አይደለም። ጌታነህ ከበደ እ.ኤ.አ በ2013 ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛውሮ፣ በዚያው ሀገር ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያ ክለብም ከተጫወተ በኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሷል። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠራት ግብ ለኢትዮጵያ አንድ ነጥብ አስገኝታለች። ሽመልስ በቀለ በግብፅ ሊግ ከፔትሮጀት ጀምሮ በተለያዩ ክለቦች ለዓመታት የቆየ ሲሆን፣ ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተጉዟል።

መንገዱ ለወንዶች ብቻ የተከፈተ አይደለም። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ በስዊድን ለኩንግስባካ፣ በማልታ ለቢርኪርካራ፣ በአሜሪካ ደግሞ ለዲሲ ፓወር የተጫወተች ሲሆን፣ በየመካከሉ ወደ ሀገር ውስጥ እየተመለሰች ለአዳማ ከተማና ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተሰልፋለች።

የዝውውር ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ማንኛውም ፕሮፌሽናል ተጫዋች ከአንድ ሀገር ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚመራው በፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ነው። የደንቡ ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የቀድሞው ሀገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ምስክር ወረቀት ሳይሰጥ ተጫዋቹ በአዲሱ ሀገር ሊመዘገብ አይችልም። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ ከ2010 ጀምሮ ክለቦችና ፌዴሬሽኖች በሚገናኙበት የኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ይከናወናል። በቅርጫት ኳስም ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ከቀድሞው ፌዴሬሽን የሚሰጥ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲቀርብ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የውል ዘመን ቢበዛ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ እንዲፈርም አይፈቀድለትም። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ታዳጊ ወደ ውጭ ሀገር ማዘዋወርም በደንቡ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ክፍያው ካልተፈጸመለት ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ይህ ድንጋጌ እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ርቆ በባዕድ ሀገር ያለ ደመወዝ ለሚቀር ተጫዋች ዋነኛ መከላከያ ነው። ሆኖም መብቱን ለማስከበር የተፈረመው ውል ቅጂና የባንክ ማስረጃ በእጁ ሊኖር ግድ ይላል።

አራተኛውና ለአሳዳጊ ክለቦች እጅግ ጠቃሚ የሆነው የአብሮነት ክፍያ ይባላል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአንድ ሀገር ክለብ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ሲዘዋወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ዓመት ላለው ጊዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይታሰባል።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ተጫዋች በ100,000 ዶላር ቢዛወር፣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ድረስ አራቱን ዓመታት ያሳደገው ክለብ 1,000 ዶላር ያገኛል። ከ16 እስከ 18 ዓመቱ ያሠለጠነው ሌላ ክለብ ደግሞ 1,500 ዶላር ይደርሰዋል። ዝውውሩ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢፈጸም ድርሻዎቹ አሥር እጥፍ ያድጋሉ። ተጫዋቹ ከክለብ ክለብ በተዘዋወረ ቁጥርም ክፍያው ይደጋገማል። ስለዚህ የተዘዋዋሪው ተጫዋች ጉዞ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ላሳደገው ሜዳም ገቢ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ።

ከዚህ በተጨማሪ ተጫዋቹ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርምና እስከ 23 ዓመቱ ባለው ጊዜ ከሀገር ሀገር ሲዘዋወር ለአሳዳጊ ክለቦች የሥልጠና ካሣ የሚከፈልበት ድንጋጌ ይገኛል።

ገንዘቡ ለምን መንገድ ይቀራል?

ደንቡ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም ድርሻው ለአሳዳጊው ክለብ ሳይደርስ የሚቀርባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። የመጀመሪያው ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነፃ ከሄደ የዝውውር ክፍያ ስለማይኖር የአብሮነት ክፍያም አይኖርም። በአጭር ውል ላይ የተመሠረተ ገበያ ውስጥ ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነው።

ሁለተኛው የምዝገባ ጉድለት ነው። ክፍያው የሚታሰበው በተጫዋች ፓስፖርት ሲሆን፣ ይህ ሰነድ ተጫዋቹ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች ከነቀኑ የሚዘረዝር ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ሥራ ባስጀመረው የክፍያ ማጣሪያ ተቋም በኩል ድርሻዎችን የሚያከፋፍለው ይህን ፓስፖርት በኤሌክትሮኒክ መልክ አጣርቶ ነው። ታዳጊው የሠለጠነበት ቡድን በፌዴሬሽን ሥር ያልታወቀ የሰፈር ቡድን ከሆነ፣ ወይም ስሙ በጊዜው ካልተመዘገበ፣ የአሠልጣኙ ድካም በሰነዱ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የዕድሜ ማስረጃ ነው። በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ታዳጊዎች የልደት ማስረጃ የሚያገኙት ዘግይተው፣ አንዳንዴም ለውድድር ሲፈለግ ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በቀበሌ ሰነድና በክለብ ፎርም ላይ የተለያየ የልደት ዘመን የሰፈረለት ተጫዋች ዓለም አቀፍ ምርመራ ሲገጥመው ይቸገራል። ከ17 ዓመት በታች በሚደረጉ የዓለም ዋንጫ ውድድሮች እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ የኤም አር አይ ምርመራ ሥራ ላይ መዋሉም የሚዘነጋ አይደለም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮች፣ በመንግሥት ተቋማትና በልማት ድርጅቶች በጀት የሚንቀሳቀሱ ናቸው። የበጀቱ ከፍተኛ ክፍል ለፊርማና ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም ማብቂያ የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ውሳኔ እስከመተላለፍ ተደርሶ ነበር። ወጪን መገደብ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ገቢን ማወቅ ግን ሌላው ነው። ለአዋቂ ተጫዋች በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ አስተዳደር፣ ለታዳጊዎቹ የመመዝገቢያ ቅጽ በአግባቡ ባለመያዙ ሊያገኘው የሚችለውን ድርሻ ማጣቱ የተለመደ የበጀት ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ስታዲየም አይደለም። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ታዳጊው ሲመለመል ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን፣ የተመዘገበበትንና የለቀቀበትን ዕለት በአንድ መዝገብ ይይዛል። ቡድኑ በፌዴሬሽን ሥር መመዝገቡን ያረጋግጣል። ታዳጊው ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ የመልቀቂያ ደብዳቤው ቅጂ በማህደሩ ይቀመጣል። ኃላፊው ሲቀየርም መዝገቡ ከቁልፉ ጋር በርክክብ ይተላለፋል። የስም አጻጻፍም ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ፣ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ውስጥ አንዱ ተጫዋች ሦስት ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላልና።

በርካታ ተጫዋቾችን ያፈሩ ቡድኖች ሲፈርሱ ሰነዶቻቸው አብረው የሚጠፉበት ሁኔታም ጥንቃቄ ይሻል። የፊፋ ደንብ አሳዳጊው ክለብ ከፈረሰ ድርሻውን የሀገሩ ፌዴሬሽን ለወጣቶች ልማት እንዲጠይቅ ዕድል የሚሰጥ ቢሆንም፣ ለዚህም ቢሆን ማስረጃ መቅረብ አለበት።

በአጠቃላይ ተዘዋዋሪ ተጫዋች ሻንጣውን አንስቶ ሲሄድ ከኋላው የሚተወው ትዝታ ብቻ አይደለም። ሳላዲን ሰዒድና ጓዶቹ ያለፉበት መንገድ እንደሚያሳየው፣ በውጭ ሀገር ሊግ ሊቋረጥ፣ ውል ሊፈርስ፣ በሜዳ የተገኘ ነጥብም በአንድ ያልታየ ምልክት ሊነጠቅ ይችላል። ተጫዋቹ በሜዳ የሚሠራውን ማንም ሊሠራለት አይችልም። መዝገቡን መያዝ ግን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ የሚጫወተው የ12 ዓመት ታዳጊ ነገ የት እንደሚደርስ መተንበይ ባይቻልም፣ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቡድኑን በትክክል መዝግቦ ማቆየት ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚቻል ነው።